ትል ሁሉ ዘመድ አይደለም፦ ስለ ጣና ዳር እንስሳት ለተጻፈ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ባህር ዳር ውስጥ አንድ ጽሑፍ ከስልክ ስልክ ሲዘዋወር ሰነበተ። የጀርባ አጥንት ስለሌላቸው፣ ግራና ቀኛቸው ስለሚመሳሰል እንስሳት የሚያወራ ነው። ጸሐፊው በተለይ ጣና ዳር የምናያቸውን አንስተዋል፦ አልቅትን፣ ቀንድ አውጣን፣ ትንኝን፣ የትል ዓይነቶችን። ጥሩ ነገር አለው። ስለነዚህ ፍጥረታት በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ጥቂት ነው። አቀራረባቸውም ቀለል ያለ ስለሆነ ብዙ ሰው አንብቦታል።

እኔን ያሳሰበኝም ይኸው ነው። የማስተምራቸው ልጆች ለፈተና ማስታወሻ ብለው ገልብጠውታል። አንዳንድ ወላጆች ደግሞ ልጄ ሐይቅ ይውረድ ወይስ አይውረድ ለሚለው ጥያቄ መልስ አድርገው ይዘውታል። ጽሑፉ ውስጥ ያሉት ስህተቶች ግን ቀላል አይደሉም። ስለዚህ ነጥቦቹን እያነሳሁ ልመልስ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጸሐፊው ሲጀምሩ፣ የጀርባ አጥንት የሌለውና ግራና ቀኙ የሚመሳሰል እንስሳ ሁሉ አንድ ቤተሰብ ነው ይላሉ። ጣና ውስጥ ያለ የጀርባ አጥንት የሌለው እንስሳ ሁሉም የዚህ ቤተሰብ አባል ነው ሲሉም ይጨምራሉ።

እዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተደባልቀዋል። የግራና ቀኝ መመሳሰል እውነተኛ የዝምድና ምልክት ነው። ከራሱ እስከ ጭራው መሃል ለመሃል ቢሰመርበት አንዱ ጎን የሌላው መስተዋት የሚሆንለት እንስሳ ፊትና ኋላ፣ ጀርባና ሆድ አለው። ወደ ፊት ይጓዛል። አዲስ ነገር ቀድሞ የሚያገኘው በፊቱ ስለሆነ ዓይኑ፣ አንቴናው፣ አፉ፣ የነርቮቹም ክምችት ወደ ፊት ተሰብስቧል። ራስ የሚባለው ነገር የመጣው ከዚህ ነው። ፅንሱም ላይ ሦስት የሕዋስ ንጣፎች ይፈጠራሉ፤ ከመካከለኛው ጡንቻና ብዙ የውስጥ አካል ይወጣል። እነ ጄሊፊሽ ሁለት ንጣፍ ብቻ ነው ያላቸው። ሳይንሱ ይህን ትልቅ ጎሳ ባይላቴሪያ ይለዋል።

ነገር ግን አምባዛም ባይላቴሪያ ነው። እኛም ነን። የጀርባ አጥንት የሌላቸው የሚለው ምድብ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ፈረንሳዊው ላማርክ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ለትምህርት እንዲመች ለይቶ ያስቀመጠው ነው። የጀርባ አጥንት የለውም ሲባል እንስሳው ምን እንደሌለው እናውቃለን እንጂ ምን እንደሆነ አናውቅም። ንብና ወስፋት ይህ አጥንት ስለሌላቸው ብቻ አይዛመዱም። ሁለት ሰዎች ነጠላ ስለለበሱ ወንድማማች አይሆኑም።

የጣናውም አባባል ልክ አይደለም። በዚሁ ሐይቅ ውስጥ ግራም ቀኝም የሌለው እንስሳ ይኖራል። ማኬዲያ ታኔንሲስ የተባለ የጨው አልባ ውሃ ስፖንጅ ነው። በ1999 ለሳይንስ የተዋወቀው ከጣና በተገኘ ናሙና ነው። ራስ የለው፣ አፍ የለው፣ አንጀት የለው፣ ነርቭ የለው። አንድ ቦታ ተጣብቆ፣ ውሃውን በጥቃቅን ቀዳዳዎቹ እያሳለፈ ምግቡን ያጣራል። የሐይቁን ስም የተሸከመ እንስሳ ነው። ስለ ጣና እንስሳት የሚጽፍ ሰው ባይዘለው ደስ ይለኝ ነበር።

ዋናው ስህተት ሁለተኛው ነጥብ ላይ ነው። እንደ ጽሑፉ ከሆነ ወስፋት፣ የኮሶ ትል፣ የመሬት ትል፣ አልቅትና የቢልሃርዚያ ትል አንድ ዘር ናቸው፤ ሁሉም ለስላሳና ረዘም ያሉ ስለሆኑ። የሚለያዩት በመኖሪያቸው ብቻ ነው። ከዚህ ተነስተው ጸሐፊው አንድ የትል መድኃኒት ለሁሉም ይበቃል ይላሉ።

ይህን አመዳደብ ሳይንስ ሞክሮት ጥሎታል። ስዊድናዊው ሊኒየስ በ1758 ባሳተመው ምደባ ነፍሳትን ለብቻ ካወጣ በኋላ፣ የቀሩትን የጀርባ አጥንት የሌላቸውን ሁሉ አንድ ላይ አጎራቸው። ትሉም፣ ቀንድ አውጣውም፣ የባህር ኮከቡም አንድ ክፍል ውስጥ ገቡ። ሆዳቸው ተከፍቶ መታየት ሲጀምር ግን ያ ምድብ ፈረሰ። ቢያንስ ሦስት ፍጹም የተለያዩ የአካል አሠራሮች ተገኙ።

ጠፍጣፋዎቹን እንይ። የኮሶ ትል፣ የቢልሃርዚያ ትል፣ የከብትና የበግ የጉበት ትል፣ እንዲሁም ምንጭ ውስጥ ድንጋይ ሲገለበጥ ተለጥፋ የምትገኘው ፕላናሪያ እዚህ ናቸው። በአንጀታቸውና በቆዳቸው መካከል ክፍተት የለም፤ በሕዋስ ተሞልቷል። የደም ሥር የላቸውም፤ መተንፈሻ አካልም የላቸውም። ኦክስጂን የሚገባው በቆዳ ሰርጎ ስለሆነ ወፍራም መሆን አይችሉም። ጠፍጣፋ የሆኑትም ለዚህ ነው። ፕላናሪያ ራሷ እንደ ቀስት ጫፍ ነው፤ ሁለት ጥቁር የዓይን ነጠብጣቦች አሏት። አፏ ራሷ ላይ ሳይሆን ሆዷ ሥር መሃል ላይ ነው። የምትበላውም የምታስወጣውም በዚያው በአንዱ ቀዳዳ ነው። የኮሶ ትል ደግሞ ከዚህም ብሶ አንጀት የሚባል ነገር ጭራሽ የለውም። ሰው አንጀት ውስጥ ተኝቶ፣ የተፈጨውን ምግብ በቆዳው ይመጥጣል። በጥሬ ሥጋ የሚመጣው የከብቱ ዓይነት ራሱ ላይ አራት መምጠጫዎች አሉት፤ ርዝመቱ ብዙ ሜትር ይደርሳል።

ወስፋት ሌላ ነው። ክብና ለስላሳ ነው፤ ሁለቱም ጫፎቹ ሾጠጥ ያሉ ናቸው፤ ቀለበት የለውም። አፍም ፊንጢጣም አለው፤ ምግብ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላ በኩል ይወጣል። አካሉ ውስጥ ፈሳሽ የሞላበት ክፍተት አለ። ጡንቻዎቹ የሚዘረጉት በቁመቱ ብቻ ስለሆነ እንደ መሬት ትል መርዘምና ማጠር አያውቅም፤ መጠማዘዝ ብቻ ነው። ከላይ ጠንካራ ልባስ አለው። ሲያድግ ይህን ልባስ አራት ጊዜ ይጥላል። ሴቷ እስከ 35 ሳንቲ ሜትር ትረዝማለች፤ በቀን 200,000 ያህል እንቁላል ልትጥል ትችላለች። አንድ ልጅ ታክሞ እንደገና ለምን እንደሚያዝ ይህ ቁጥር ብቻውን ያስረዳል።

ሦስተኛዎቹ ባለ ቀለበቶቹ ናቸው፤ የመሬት ትልና አልቅት። በክረምት ከጓሮ የመሬት ትል አንስታችሁ፣ በጣታችሁ ከጭራው ወደ ራሱ ቀስ ብላችሁ ዳስሱት። የሚያሻክር ነገር ይሰማችኋል። አፈሩን ቆንጥጦ የሚይዝባቸው ደቃቅ ፀጉሮች ናቸው። እያንዳንዱ ቀለበት ውስጥ በግድግዳ የተከለለ የራሱ ክፍል አለ። የቁመትም የዙሪያም ጡንቻ ስላለው አንዱን ክፍል ሲያሳጥር ሌላውን ያስረዝማል፤ የሚሄደውም እንደዚያ ነው። አልቅት የዚሁ የቅርብ ዘመድ ናት። ፀጉሩ ጠፍቶ በምትኩ ከፊትና ከኋላ አንዳንድ መምጠጫ አላት። ከውጭ የምናያቸው ቀጫጭን ቀለበቶች ውስጧ ካሉት እውነተኛ ክፍሎች በቁጥር ይበልጣሉ። ከብት ውሃ ሲጠጣ ትገባና አፍንጫው ወይም ጉሮሮው ውስጥ ትጣበቃለች። ገበሬው ከብቱ አፍ ደም ሲያንጠባጥብ ቶሎ የሚጠረጥረው እርሷን ነው። ደሙ ቶሎ የማይቆመው አልቅቶች በምራቃቸው ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ነገር ስለሚጨምሩ ነው።

በነገራችን ላይ፣ ጽሑፉ ትል ለሁለት ሲቆረጥ ሁለት ትል ይሆናል የሚለው ለፕላናሪያ ልክ ነው። ለመሬት ትል ልክ አይደለም። የፊተኛው ቁራጭ ቢተርፍ ጭራ ሊያበቅል ይችላል፤ የኋላው ግን አብዛኛውን ጊዜ ይሞታል። ልጆች ይህን አንብበው የመሬት ትል ሲቆርጡ ስላየሁ ነው የማነሳው።

ወደ መድኃኒቱ እንመለስ። ለወስፋት የሚሰጠው አልቤንዳዞል ቢልሃርዚያን አያድንም። ቢልሃርዚያን የሚያድነው ፕራዚኳንቴል ለወስፋት አይሠራም። ይኸው ፕራዚኳንቴል ግን ለኮሶ ትል ይሠራል። ለምን? የኮሶና የቢልሃርዚያ ትል ሁለቱም ጠፍጣፋ ስለሆኑ፣ ዝምድናቸው የእውነት ስለሆነ ነው። የጉበት ትል ከዚህ ወጣ ይላል፤ ጠፍጣፋ ሆኖ ሳለ ፕራዚኳንቴል እምብዛም አይበግረውም፤ ሌላ መድኃኒት አለው። ይህ ደግሞ እንኳን የትል ዓይነቱን ሁሉ፣ ጠፍጣፋዎቹንም በጅምላ ማየት እንደማያዋጣ ያሳያል። አንድ ክኒን ለሁሉም ይበቃል ብሎ ያመነ ወላጅ አልቤንዳዞል ለልጁ ሰጥቶ፣ ልጄ ድኗል ብሎ ይቀመጣል። ቢልሃርዚያው ጉበት ላይ ሥራውን ይቀጥላል።

ሦስተኛው ነጥባቸው ስለ ሰውነት ክፍተት ነው። ምንም ክፍተት የሌላቸው ጠፍጣፋዎች ከታች፣ ጎደሎ ክፍተት ያላቸው እነ ወስፋት መሃል፣ ሙሉ ክፍተት ያላቸው እነ መሬት ትል ከላይ። ከመሬት ትል ቀጥሎ ነፍሳት፤ ሁለቱም ባለ ክፍልፋይ ናቸውና። እንስሳት በዚህ መሰላል አንድ በአንድ ወጡ ይላሉ።

ይህን ጸሐፊው ከራሳቸው አላመጡትም። ለብዙ ዓመታት በየመማሪያ መጽሐፉ የነበረ ነው፤ ብዙዎቻችን የተማርነውም እንደዚያ ነው። ግን ተለውጧል። በ1997 ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት የእነዚህን እንስሳት አንድ የጋራ ጂን ጎን ለጎን አስቀምጦ ሲያነጻጽር፣ መሰላሉ ተናጋ። ወስፋትና ዘመዶቹ የቀረቡት ለነፍሳትና ለሸረሪት ሆኖ ተገኘ። የሚያገናኛቸው ልባስ መጣላቸው ነው። አንበጣ ሲያድግ ቅርፊቱን ይጥላል፤ ሸርጣን ይጥላል፤ ጊንጥ ይጥላል፤ ወስፋትም ይጥላል። ይህ ጎሳ ኤክዳይሶዞአ ተባለ።

የመሬት ትል ደግሞ ከነፍሳት ርቆ ወደ ቀንድ አውጣ ተጠጋ። ሲታዩ ምንም አይመሳሰሉም። ፅንሳቸው ላይ ግን ፍንጩ ከዱሮም ነበር። በብዙ የቀንድ አውጣና የባለ ቀለበት ትል ዘመዶች የመጀመሪያዎቹ ሕዋሶች ሲከፈሉ ቀጥ ብለው አይደራረቡም፤ ጠመም እያሉ በዙሪያ ይደረደራሉ። ባህር ውስጥ የሚኖሩት የሁለቱም ዘመዶች እጫቸው ተመሳሳይ ነው፤ ወገቡን በሚርገበገብ ፀጉር የታጠቀ ጥቃቅን እጭ። ጠፍጣፋ ትሎችም የሚመደቡት ወደዚህ ወገን ነው። ስለዚህ ጠፍጣፋ ትል የሌሎቹ አያት አይደለም። የመሬት ትል የሩቅ ዘመድ ነው፤ አካሉ ቀለል ብሎ የቀረ። አልቅት ከወስፋት ይልቅ ለቀንድ አውጣ ትቀርባለች ማለት ነው። ወስፋት ከአልቅት ይልቅ ለትንኝ ይቀርባል።

ይህ የቤተ ሙከራ ወሬ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከብት የሚያረባ ሰው ሁሉ አይቨርሜክቲንን ያውቀዋል። የእንስሳት ሐኪሙ አንድ መርፌ ወግቶ የአንጀቱን ክብ ትልም፣ የቆዳውን እከክም፣ ቅማሉንም ያክማል። ያው መርፌ ግን ለጉበት ትልና ለጠፍጣፋ የአንጀት ትል አይሠራም። መድኃኒቱ የሚያጠቃው ክብ ትሎችና አርትሮፖዶች (ነፍሳት፣ ሸረሪትና ዘመዶቻቸው) ነርቭና ጡንቻ ላይ ያለ አንድ የጋራ በር ነው። ክብ ትልንና የእከክ ተባይን በአንድ መርፌ መምታት፣ ክብ ትልንና ጠፍጣፋ ትልን ግን አብሮ አለመቻል፤ በመሰላሉ ብንሄድ ግራ ያጋባል። በአዲሱ ዝምድና ብናየው ግን የሚጠበቅ ነው።

አራተኛ፣ እነዚህ እንስሳት ደም፣ ልብና አንጎል የላቸውም ይላል ጽሑፉ። ለጠፍጣፋና ለክብ ትሎች ደምና ልብ የላቸውም ማለት ልክ ነው። ለሌሎቹ አይደለም። የመሬት ትልን ብርሃን ላይ ያዙት። ጀርባው ላይ ቀይ መስመር ይታያል። ቀስ ብሎ ይኮማተራል፤ ሞገዱ ከጭራ ወደ ራስ ይሄዳል። ደሙ እንደኛው ሄሞግሎቢን አለው፤ የሚፈሰውም በተዘጋ የደም ሥር ውስጥ ነው። ነፍሳት ልብ አላቸው፤ ጀርባቸው ላይ የተዘረጋ ቱቦ ነው። ደማቸው ግን በደም ሥር ሳይወሰን አካላቸው ውስጥ ይፈስሳል። ኦክስጂን የሚያደርሱላቸው ከጎናቸው የሚጀምሩ ቀጫጭን የአየር ቧንቧዎች ናቸው። የሸርጣንና የጊንጥ ደም ብረት ሳይሆን መዳብ ስላለው ወደ ሰማያዊነት ያዘነብላል። ማታ በሐይቁ ዳር መብራት ላይ ግር ብሎ የሚሰፍረው፣ የማይናከሰው ትንኝ አለ። ጭቃ ውስጥ የሚያድገው እጩ ብዙ ጊዜ ደማቅ ቀይ ነው። ቀይ የሆነው ኦክስጂን ባነሰበት ጭቃ ለመኖር የሚረዳው ሄሞግሎቢን ስላለው ነው።

አንጎልን በተመለከተ፣ የንብ አንጎል አንድ ሚሊዮን ገደማ የነርቭ ሕዋሶች አሉት። አፈር ውስጥ የምትኖር አንዲት ጥቃቅን ክብ ትል ደግሞ 302 ብቻ አሏት። ግንኙነታቸው አንድ በአንድ ተቆጥሮ ተስሏል። ትንሽ ነው ማለትና የለም ማለት አንድ አይደሉም። እኛ ዋናው የነርቭ ገመዳችን በጀርባችን ሲሆን፣ የንብና የመሬት ትል በሆዳቸው በኩል ያልፋል።

ሸረሪት፣ መዥገርና ጊንጥን ከነፍሳት መደብ ማስገባታቸውን ቶሎ ልለፈው። ነፍሳት ስድስት እግር፣ ሦስት የአካል ክፍልና አንድ ጥንድ አንቴና አላቸው። እነ ሸረሪት ስምንት እግር አላቸው፤ አንቴና የላቸውም። ሸርጣን ሁለት ጥንድ አንቴና አለው። ሦስቱም ወገኖች አርትሮፖድ በሚለው ሰፊ ምድብ ሥር ናቸው፤ መደባቸው ግን ይለያያል። የባህር ኮከብም ጣና ውስጥ የለም፤ ዘመዶቹም በሙሉ የሚኖሩት ጨዋማ ባህር ውስጥ ብቻ ነው። ጽሑፉ ግን ክንዶቹን አይቶ ከጄሊፊሽ ጋር መድቦታል። እጩ ግራና ቀኙ የሚመሳሰል ነው፤ ባለ አምስት ክንድ የሚሆነው ሲያድግ ነው። በፅንስ አፈጣጠሩ ከነትንኝ ይልቅ ለእኛ ይቀርባል።

ቀንድ አውጣ ላይ ግን ቆም እንበል። ጸሐፊው ቅርፊቱ ጠመዝማዛ ስለሆነ ግራና ቀኙ አይመሳሰልም፣ ስለዚህ ከዚህ ጎሳ አይደለም ይላሉ። ቅርፊቱ መጠምዘዙን ማን ይክዳል? ግን ሲሄድ እዩት። ከቅርፊቱ ሥር የሚወጣው ራስና እግር ፍጹም እኩል ነው። ቀንዶቹ በግራና በቀኝ፣ ዓይኖቹም እንደዚያው። የተጣመመው የሆድ ዕቃው ነው። ፅንስ ሆኖ ሳለ ከእግሩ በላይ ያለው አካሉ ወደ 180 ዲግሪ ይዞራል። ከኋላ የነበረው ቀዳዳ ወደ ራሱ በኩል ይመጣል። አንዳንድ የአንድ ጎን አካላትም ይቀንሳሉ ወይም ይጠፋሉ። የግራና ቀኝ መመሳሰል ነበረው፣ በኋላ በከፊል አጣው። ዝምድናውን አላጣም። ዛጎላቸው ሁለት ክፍል የሆነው ዘመዶቹ ደግሞ ሳይዞሩ፣ ግራና ቀኛቸውን እንደያዙ ቀርተዋል።

ይህን ያህል ያስረዘምኩት ከቀንድ አውጣዎቹ አንዷ ለእኛ አካባቢ ትልቅ ጉዳይ ስለሆነች ነው። ባዮምፋላሪያ ትባላለች። ከአንድ ሳንቲ ሜትር ብዙም አትበልጥም። ቅርፊቷ እንደ ሌሎቹ ወደ ላይ አይሾልም፤ ጠፍጣፋ ሆኖ ዙሪያውን የተጠቀለለ ነው፣ ቀለሙ ቡናማ። የምትኖረው ዝግ ባለ፣ ሣርና ቅጠል ባለበት ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ነው። ደሟ ቀይ ነው። የአንጀት ቢልሃርዚያ ትል ያለ እርሷ ወገን ማደግ አይችልም።

እናም ወደ ከባዱ ነጥብ ደረስን። ጽሑፉ ቢልሃርዚያ የሚይዘው የሐይቁ ውሃ ሲጠጣ ነው ይላል። አፍልቶ ለሚጠጣ ሰው መዋኘትም፣ ልብስ ማጠብም፣ ውሃ ውስጥ ቆሞ ዓሣ ማጥመድም ችግር የለውም። እንዲያውም ቀትር ላይ መዋኘት ይሻላል፤ ፀሐይዋ ትሉን ትገድለዋለች ይላል።

ይህ ልጆችን ያስይዛል። ትሉ የሚገባው በቆዳ ነው። እንቁላሉ ከበሽተኛው ሰገራ ጋር ውሃ ይደርሳል። ውሃ ውስጥ ይፈለፈልና በፀጉር የተሸፈነ ጥቃቅን እጭ ይወጣል። ይህ እጭ በሰዓታት ውስጥ ባዮምፋላሪያን ካላገኘ ይሞታል። ካገኘ ሰውነቷ ውስጥ ገብቶ ይባዛል፤ ከአንዱ እጭ በሺህ የሚቆጠሩ ይወጣሉ። ከሳምንታት በኋላ ሰርካሪያ የሚባሉት ሁለተኛዎቹ እጮች ከቀንድ አውጣዋ ወጥተው ሰው ፍለጋ ይዋኛሉ። ሰው ካገኙ በደቂቃዎች ውስጥ ቆዳውን በስተው ይገባሉ፤ ጭራቸውን ውጭ ጥለው።

የሚወጡበት ሰዓት መቼ ነው? ብርሃን ሲበረታ፣ ከረፋዱ እስከ ቀትር ባለው ጊዜ በብዛት ይወጣሉ። ጸሐፊው ዋኙ ያሉት በዚያው ሰዓት ነው።

ይህን ማየት ይቻላል። ጓንት አድርጎ የተሰበሰበች ባዮምፋላሪያን ንጹሕ ውሃ ባለበት ብርጭቆ አድርጎ ደማቅ ብርሃን ላይ ማስቀመጥ ነው። የተያዘች ከሆነች ቆይቶ ውሃው ውስጥ ነጫጭ ነጥቦች ይታያሉ። ከብርጭቆው ጀርባ ጥቁር ጨርቅ ሲደረግ በደንብ ይለያሉ። ወደ ላይ ይወጣሉ፣ ትንሽ ይሰምጣሉ፣ እንደገና ይወጣሉ። በማይክሮስኮፕ ጭራቸው ጫፉ ላይ ለሁለት የተሰነጠቀ ነው። አካላቸው ላይ ሁለት መምጠጫዎች አሉ፤ አንዱ አፉ ዘንድ፣ አንዱ ሆዱ ላይ። ግራና ቀኙ እኩል የሆነ፣ ራስ ያለው፣ ወደሚፈልገው የሚጓዝ እንስሳ ነው። ተማሪዎቼ ይህን ካዩ በኋላ ሐይቁ ዳር ቁምጣ ለብሰው ለመቆም አይቸኩሉም።

ሰውነት ውስጥ ከገባ በኋላ በደም ተጉዞ በሳንባና በጉበት በኩል ወደ አንጀት ደም ሥሮች ይደርሳል። አብዛኞቹ ጠፍጣፋ ትሎች ወንድም ሴትም በአንድ አካል ናቸው። ይህኛው ግን ወንዱና ሴቷ ተለያይተዋል። ወንዱ ጠፍጣፋ አካሉን አጥፎ ቀጭኗን ሴት እቅፉ ውስጥ ይዟት ለዓመታት ይኖራል። ጉዳቱን በዋናነት የሚያመጡት እንቁላሎቹ ናቸው። ብዙዎቹ ወደ ውጭ ሳይወጡ አንጀትና ጉበት ውስጥ ይቀራሉ፤ ጉበቱ እየጠጠረ ይሄዳል። በዘጌ ተማሪዎች ላይ በተለያየ ጊዜ በተደረጉ ጥናቶች ይህ በሽታ ተገኝቷል። ሩቅ አገር ያለ ነገር አይደለም።

ውሃ አፍልቶ መጠጣት ለሌላ ብዙ በሽታ ጥሩ ነው፤ ማንም አይተወው። ቢልሃርዚያን ግን ብቻውን አይከላከልም። የሚረዳው ሐይቁ ዳር አለመጸዳዳት፣ ሣር በበዛበት ዳርቻ በባዶ እግር አለመግባት፣ ሥራ ሆኖ የግድ ከሆነ ቦት ጫማ ማድረግ ነው። ለመታጠቢያ የተቀዳ ውሃ ቀንድ አውጣ ከሌለበት ሁለት ቀን ቢቆይ ሰርካሪያዎቹ ይሞታሉ። ውሃ ውስጥ የሚሠሩ ዓሣ አጥማጆችና ሐይቅ የሚወርዱ ልጆች ጤና ጣቢያ ሄደው ሰገራቸውን ቢያስመረምሩ መልካም ነው። መድኃኒቱ አለ፤ ያድናልም።

የመጨረሻው ነጥባቸው ጣና ዳር ያለ ቀንድ አውጣ ሁሉ በመርዝ ይጥፋ የሚል ነው። ጭንቀታቸው ይገባኛል። በቀንድ አውጣ በኩል በሽታውን መቁረጥ ጥሩ ሐሳብ ነው፤ በዚህ ሐሳብ ላይ ዓለምን ያስተማረውም ኢትዮጵያዊ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ ውስጥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አየ። ከዚያ ተነስቶ እንዶድ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል አረጋገጠ። በ1989 ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበለ።

ግን ያ ሥራ ያተኮረው በሽታ አስተላላፊዎቹ ላይ፣ ሰው ውሃ በሚነካበት ቦታ ነው። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆን ሐይቅ ነው። እንዶድም ሆነ ሌላ የቀንድ አውጣ መርዝ ሲበዛ ዓሣም ይገድላል። እዚህ ደግሞ በዓሣ የሚተዳደር ብዙ ቤተሰብ አለ። ሐይቁ ውስጥ ያሉት ነጫጭ ዓሦች አብዛኛዎቹ ዝርያዎች ሌላ ቦታ አይገኙም። ቀንድ አውጣ የሚበሉ ወፎችና ዓሦችም አሉ። ከቀንድ አውጣዎቹ ደግሞ አብዛኞቹ ከአንጀት ቢልሃርዚያ ጋር ምንም ግንኙነት የላቸውም። ጠፍጣፋዋን ባዮምፋላሪያ ከሌላው መለየት የሚችል ሰው ነው መጀመሪያ የሚያስፈልገው። ሰዎች በሚወርዱበት ቦታ ሣሩንና እምቦጩን ማጽዳትም ይረዳል፤ መጠለያዋን ያሳጣታል።

ጸሐፊውን አንድ ነገር ልጠይቅ። ስለ መሰላሉና ስለ ባህር ኮከቡ ያለው በሌላ ጊዜ ቢታረም ግድ የለም። ቀትር ላይ ዋኙ የምትለውን አንቀጽ ግን ዛሬውኑ ያውጧት፤ ጽሑፉን ያዘዋወሩትም ሰዎች እንደወጣች እንዲያውቁ ያድርጉ። ትምህርት ቤት ሊዘጋ ነው፤ ልጆቹ ሐይቁ ዳር መዋል ሊጀምሩ ነው።